ክስ በሴቡዋኖ

ሰው የባዕድ ቋንቋ ሲማር በሰላምታ ነው የሚጀምረው አይደል? እኔ በክስ ጀመርኩ። ጉድ እኮ ነው።

ዴ ሞይን በምትባል ከተማ ውስጥ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ኒኒታ የምትባል ፊሊፒናዊት የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ የሴቡ ደሴት ልጅ ናት፣ ቋንቋዋም ሴቡዋኖ ነው። በእረፍት ሰዓታችን በስልኳ የአገሯን የችሎት ድራማ ታያለች። እኔ ምሳዬን እየበላሁ "አሁን ምን አለ?" እያልኩ እነዘንዛታለሁ። ሶ፣ ኪሃ ክስ ነው። ሱምቦንግ አቤቱታ። ቴስቲጎስ ምስክሮች። ሁስጋዶ ፍርድ ቤት። ምን ሊረባህ አትሉኝም?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ቀን ከፓርኪንግ ወደ ኋላ ስወጣ የኒኒታን ጉልበት ገጨሁት። ወድቃ ስታቃስት ከመኪናዬ ዘልዬ ወረድኩ። ወንድሟ ሊወስዳት መጣ። አንዴ እኔን፣ አንዴ መኪናዬን እያየ በቋንቋቸው ተናገረ። ኪሃ አለ። ሁስጋዶ አለ። ምነው ባልተማርኩ! ሌላ ሰው ቢሆን የክሱ ደብዳቤ እስኪደርሰው እንቅልፉን ይተኛ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ። ፖስታ ሳጥኔን በቀን ሦስቴ እከፍታለሁ። የሥራ ፈቃዴን ብነጠቅስ? ልጆቼን በምን ላሳድግ? ኢንሹራንስ ጋ ኮል ሳደርግ ደግሞ "እንዳታናግራት፣ ይቅርታም እንዳትላት" አሉኝ። ገጭቼ ይቅርታ አልል? እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች።

እኛ ነገር ሲመጣብን ምን እናደርጋለን? ሽማግሌ እንልካለን። ከጎረቤት ከተማ ከቱክዊላ ጋሽ ታደሰንና ሐጂ ሰዒድን ይዤ ኒኒታ ቤት ሄድኩ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። "ልጃችንን ይቅር ካላላችሁት አንቀመጥም!" ያውም በአማርኛ። ወደ እንግሊዝኛ የምተረጉመው እኔው ተከሳሹ። ወንድሟ ስልኩን አነሳ። ፖሊስ ሊጠራ ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

ለካ ጎረቤት ያሉትን አባቱን ነው የጠራው። አዛውንቱ ገብተው የእኛዎቹን እንደቆሙ ሲያዩ ወዲያው ገባቸው። በእነሱም አገር ነገር ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሰፈር ሽማግሌ ይታያል፤ ሁሳይ ይሉታል። ኒኒታ ይቺን ቃል አላስተማረችኝም። ለድራማ አትሆንማ!

አባትዬው ነገሩን አብረን እንየው ቢሏቸው ሦስቱም ተቀመጡ። ጋሽ ታደሰ ይማልዱልኛል ስል "ድሮም አነዳዱ አያምርም፤ አሁን ስንመጣ እንኳ ያተረፈን ፈጣሪ ነው" ብለው መሰከሩብኝ። ሐጂም ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ላድርግ፣ ተረጎምኩት። ክሱ ቀረ፣ ተመስገን። ፍርዱ ግን ጉልበቷ እስኪድን ኒኒታን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት በመኪናዬ እንዳመላልሳት ሆነ።

ይኸው በየጠዋቱ በሩን እከፍትላታለሁ። አማትባ ትገባለች፣ ቀበቶዋን ሁለቴ ትፈትሻለች፣ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ዳኛ ቢሆን መንዳት ይከለክለኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን በእኔ ይፍረዱ በእሷ፣ እስካሁን አልገባኝም።