ክቡር መርማሪ ኑረዲንና የሁዳዴው በግ

ምግብ ቤት ገብቶ እንደ ሰው ወንበር ስቦ መቀመጥ የማይሆንለት፣ መጀመሪያ የወጥ ቤቱን በር ገፍቶ አንገቱን የሚያስገባ አንድ ሐበሻ የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። ሌላው ሰው ሜኑ ያነብባል፤ እሱ መጥበሻ ያነብባል። እ.ኤ.አ. በ1985 ቶሮንቶ የደረሳት ክቡር አቶ ኑረዲን ነበር፤ በወረቀት የምሕንድስና ተማሪ፣ በግብር የምድጃዎች ሁሉ ጠቅላይ መርማሪ።

ጥያቄው አጭር ነው። "በምን ተጠበሰ?"

የአሳማ ስብ እንዳይነካው ነው ጭንቁ። ሥጋውንማ በራሱ ሥርዓት ካልታረደ አይቀምስም፤ ውጭ ሲበላ ዓሣና አትክልት ነው። ግን ዓሣውስ በምን ተጠበሰ? ስፓዳይና ጎዳና ላይ አንድ ቻይናዊ አብሳይ እንግሊዝኛው አልገባው ቢል፣ ክቡርነቱ ናፕኪን ላይ አሳማ ስሎ በትልቅ ኤክስ ሰረዘው። አብሳዩ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት ቆይቶም ምልክት የተደረገበትን እንስሳ በሳህን አጋድሞ ይዞ መጣ።

ብሉር ጎዳና ላይ ባለ የሬጌ ጭፈራ ቤት ደግሞ ድንች ጥብስ አዝዞ፣ ሙዚቃው ስለሚያደነቁር በአስተናጋጁ ጆሮ ላይ ጮኸ። ዘፈኑ ያበቃው በዚያችው ቅጽበት ነበር። "የአሳማ ስብ አለበት ወይ?" የሚለው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። አብረውት የነበሩት ያገሩ ልጆች ሥርጉትና ዘርይሁን ጠረጴዛ ሥር መግባት አማራቸው። አንድ ጸጉሩን የጎነጎነ፣ እንደ እሱው አሳማ የማይቀምስ ጃማይካዊ ራስ ተፈሪያን ግን ከወዲያ ጥግ ተነሥቶ መጣና "እኔም ስንት ዘመን ይህን መጠየቅ ፈርቼ!" ብሎ አቀፈው።

በጾም ቀን ምርመራው እጥፍ ይሆናል። ኑረዲን በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የመዛግብት አያያዝ የምታጠናው ሥርጉት ጾመኛ ናት፤ ፈረንጅ ፊት ቆሞ መጠየቅ ግን ያሳፍራታል። ስለዚህ ኑረዲን ሁለቱንም ሃይማኖት ወክሎ ይቀርባል። "ለእኔ አሳማ፤ ለእሷ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል። አንዱም እንዳይኖርበት!"

አንዲት አስተናጋጅ አዝና "ሐኪም ከልክሏት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"እናቷ ናቸው የከለከሏት። ከሐኪም ይብሳሉ።"

ሥርጉት ታፍራለች፤ እግሩን ትረግጠዋለች። አንድ ዓርብ እሱ ታሞ ሲቀር ግን ሜኑውን ዐሥር ጊዜ አገላብጣ፣ ባዶ ሻይ ጠጥታ ወጣች።

የዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ የሥርጉት ታናሽ ወንድም ሳሙኤል አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እንዲነሣላት ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ጾመች። በጾሙ እኩሌታ መርዶው መጣ። ከል ለበሰች፤ ከክፍሏም አልወጣ አለች። ኑረዲንና ዘርይሁን አንድ ዓርብ ማታ ለምነው፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ወዳለ የግሪኮች ምግብ ቤት ይዘዋት ሄዱ።

ክቡር መርማሪው አፉን ሳይከፍት፣ ሥርጉት ሜኑውን አጥፋ ለአስተናጋጁ ሰጠችው።

"የበግ ጥብስ" አለች፤ በራሷ አንደበት።

ዘርይሁን በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሏል። ውኃው ትን አለው። "ሥርጉት፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው። ያውም ሁዳዴ!"

"ቀን የምትቆጥርልኝ አንተ ነህ?"

"ታዲያ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ስጾምለት ሞተ። ከዚህ በላይ እግዜር ምን እንዳይወስድብኝ ነው የምጾመው?"

ዘርይሁን አማተበ። ወደ ኑረዲን ዞሮ "አንተ ሰውዬ፣ ንገራት እንጂ! ሌላ ጊዜ ለአንዲት ጠብታ ቅቤ አገር ታተራምስ የለም?" አለው።

ኑረዲን ሥርጉትን አያት። እሷም አገጯን ቀና አድርጋ አየችው፤ ከሁሉም የእሱን ቃል ነበር የፈራችው። እሱ ግን እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።

ትእዛዙ ወጥ ቤት ሲደርስ ሽማግሌው አብሳይ ራሳቸው ወጡ። ግሪክ ናቸው፤ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በማተቧ ላይ ያለውን መስቀል አዩ።

"ልጄ፣ ጾም ላይ ነን። ባቄላ አለኝ፤ በዘይት ያማረ ጎመን አለኝ። በግ ለአንቺ አላወጣም።"

የሥርጉት ዓይን እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ኑረዲን ተነሣ።

"አባት፣ በጉ የትኛው ብልቱ ነው?"

"ምን?"

"ወርች ነው ጎድን? የዛሬ ነው የትናንት? ለስልሷል? ለሐዘንተኛ ነው፤ ደረቅ ሥጋ እንዳያመጡ።"

"አንተ ክርስቲያን ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ምን አገባህ?"

"ቅቤ እንዳይነካት በዚህ ከተማ ከስንት አብሳይ ጋር የተጣላሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ሥጋ ካለችም የምጣላው እኔ ነኝ። ከፈጣሪዋ ጋር ራሷ ትነጋገር፤ እኔና እርስዎ በመካከል ምን ጥልቅ አደረገን?"

ሽማግሌው ከሏን አዩ፤ ፊቷን አዩ። ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ። ሲወጡ የያዙት ወርች በራሱ ጊዜ ከአጥንቱ የሚላቀቅ፣ ጮማው የሚያብረቀርቅ ነበር። ሳህኑን አስቀምጠው፣ ትከሻዋን መታ አድርገው ሄዱ።

ሥርጉት ሹካውን አነሣች። ሥጋው ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ። ወደ ፊት አልሄደም፤ ወደ ኋላም አልመለሰችውም።

አገር ቤት ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ቡና ይጠጣል፤ የአንዱ ሬሳ ሌላውን ያስለቅሳል። የሥጋው ድስት ግን ለየብቻ ነው፤ በዓመት በዓልም ቀን ቢሆን ለእንግዳው ለየት ያለ ድስት ይጣዳል። ኑረዲን ይህን ለማወቅ አስተማሪ አላስፈለገውም። እሱ ግን ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ፤ ከወርቹ በጣቱ ቆረሰ፤ በቂጣ ጠቀለለና ወደ አፏ አስጠጋ።

"አንተ፣ እጅህን!" አለ ዘርይሁን።

"እጅ ይታጠባል። እንኪ ሥርጉት። ሐዘንተኛን ሰው ነው የሚያጎርሰው።"

አፏን ከፈተች። ጉርሻው ትልቅ ነበርና ጉንጯ ተነፋ፤ እንባዋም በዚያው ላይ ወረደ። እያለቀሰች አኘከችው፤ ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው። ዘርይሁን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኑረዲን ጮማ የነካውን እጁን አየር ላይ ተሸክሞ ጠበቃት።

ዋጠች። አገጯን በመዳፏ ጠረገች።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለችው።

ኑረዲን ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብሎ፣ ከአጥንቱ ሥር ለስላሳ ለስላሳውን መምረጥ ጀመረ።