የመምህር ኃይለ ሚካኤል የሳሎን ባቡር

ባቡር ባልደረሰበት አገር ሁሉ፣ ባቡር እንደሚመጣ አምኖ የተቀመጠ አንድ ሰው አይጠፋም። የደብረ ማርቆሱ የእኔ ጎረቤት ናቸው፤ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር፣ ክቡር ኃይለ ሚካኤል። ሌላው ይጠብቃል፤ እሳቸው ግን ጥበቃው ሲሰለቻቸው በገዛ ሳሎናቸው ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ።

ጀመሩ ስል ማጥናት ጀመሩ ማለቴ ነው። «ጥናት ይቅደም» የማይሉበት ጉዳይ የለም። ከአዲስ አበባ ያስመጧት ትንሽ ባቡር ከነካርቶኗ ሁለት ዓመት ቁም ሣጥን ላይ ስትጠብቅ፣ እሳቸው ሳሎኑን በሜትር ይለካሉ፣ በእርሳስ ይስላሉ፣ በላጲስ ያጠፋሉ። በመጨረሻ ሶፋው የልማት ተነሺ ሆነና ወደ በረንዳ ወጣ።

«የሶፋዬ ካሳስ?» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ሥራነሽ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው።

«በጥናት ላይ ነው» አሉ መምህር።

በሶፋው ቦታ ሰፊ ጠረጴዛ ገባ። ጮቄ ተራራ ከአሮጌ ጋዜጣና ከዱቄት ሙጫ ተሠራ። ዋሻው በየት ይውጣ በሚለው ላይ ሦስት ሳምንት ሲመራመሩ፣ አይጥ ቀደመቻቸውና ተራራውን ከወዲህ ወዲያ በሳችው። መምህር ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን በሜትር ከለኩ በኋላ «ከእኔ ጥናት ብዙም አልራቀችም» አሉ።

ከዚያ የጣቢያ ጉዳይ መጣ። የአማኑኤል ከተማ ልጅ ነኝና ለአማኑኤል ጣቢያ እንዲሰጥ በአካል ቀርቤ አመለከትኩ። ጠረጴዛው ወደዚያ እንደማይበቃ ተነገረኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ፤ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። የእትዬ ሥራነሽ ደግሞ ከእኔም ባሰ። ሐዲዱ ጉንደ ወይን ላይ ያልቃል፤ የትውልድ አገራቸው መርጡለ ማርያም ከዚያ ወዲያ ነው። «ሠላሳ ዓመት አብሬ ኖሬ አገሬን ከጠረጴዛ አወረዱብኝ» እያሉ ለሰፈሩ በሳቅ ያወራሉ።

ዘንድሮ ጥር ላይ ግን ሳቁ ቀረ። እትዬ ሥራነሽ ጉልበታቸውን ታመው፣ ቀርተውበት ከማያውቁት የመርጡለ ማርያም ንግሥ ቀሩ። ለስለት ያዘጋጁትን ጧፍ ጭናቸው ላይ አድርገው ሳሎን ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። መምህር ሁለት ጊዜ ወጡ፣ ሁለት ጊዜ ገቡ። ከዚያ መጋዝ አነሡ። ሐዲዱ የሚያልፍበት ቦታ አልነበረምና ጮቄን ለሁለት ሰነጠቁት። ሳይለኩ፣ ሳይስሉ፣ ሐዲዱን በሳንቃ አሻግረው እስከ ባለቤታቸው ወንበር ዘረጉት፤ ጫፉ ላይም የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ከካርቶን ሠርተው አቆሙ። ሳንቃውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

እትዬ ሥራነሽ ጧፉን ሰጡኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ካለው ደብረ ማርቆስ ጣቢያ ፉርጎው ውስጥ ጫንኩት። ባቡሯ ሳንቃው ላይ ስትደርስ አቃሰተችና ቆመች። መምህር ሊገፏት ጣታቸውን ዘረጉ።

«ይተዋት» አሉ እትዬ ሥራነሽ። «ራሷ ትድረስ።»

ደረሰች። እትዬ ሥራነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ፤ እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

በማግስቱ ስለቱ እንዳይቀር፣ እኔና መምህር ጧፉን ይዘን በአውቶቡስ ወደ መርጡለ ማርያም ተሳፈርን። መንገዱን በሙሉ ድልድዩ እዚህ፣ ዋሻው እዚያ እያሉ ያሳዩኛል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማል። ጉንደ ወይን ስንደርስ «እዚህ ጋ አንድ ሐዲድ ይበቃል» አሉኝ።

«አይበቃም፣ መምህር» አልኳቸው። «እህል የሚጭነው ባቡር የት ሊቆም ነው?»

እስክንደርስ ድረስ ተከራከርን። እንደዚያ ያጠረብኝ መንገድ የለም።