የጉርሻ ስኳር

የሰው ልጅ ለሚበላው ነገር ስም ካወጣለት ሆዱም በዚያው ስም የሚቀበለው ይመስለዋል። እንጀራ ብሎ የዋጠው እንጀራ ሆኖ፣ ዳቦ ብሎ የዋጠው ዳቦ ሆኖ የሚቀር! ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርሁ ነኝና እንዲህ ያለውን ስሕተት በዝምታ አላልፍም፤ አንባቢዬ ሆይ፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። ምራቅ ገና አፍ ውስጥ የስታርቹን ሰንሰለት መበጣጠስ ይጀምራል፤ አንጀት ይጨርሰዋል፤ ወደ ደም የሚያልፈው ግሉኮስ የሚባል ስኳር ነው። ደም ጤፍን ከስንዴ አይለይም። ግሉኮሱ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ እንደ ባለጉዳይ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንዲት ነገር ብቻ ለውጦ ያሳልፈዋል፤ በመጨረሻ ጉልበት፣ ውሃና የምናስወጣው ትንፋሽ ይሆናል። ጉቦ የለም። የዕለቱ ጉልበት ከበቃ ግን ትርፉ ጉበት ውስጥ ይከማቻል፤ ጉበት ሲሞላ ወደ ቦርጭ ይዛወራል። የሕዋሱን በር የሚያስከፍተው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው፤ እርሱ የታከተ እንደሆነ ባለጉዳዩ ደም ውስጥ ተሰልፎ ይቀራል። የስኳር በሽታ ማለት ይኸው ሰልፍ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት በደረጀ ምክንያት ነው። ደረጀ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም፣ በአትላንታ ሀይዌይ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ሲጋፋ የማይደነግጥ፣ መርፌ ሲያይ ግን የሚዝለፈለፍ ባለታክሲ ነው። ሐኪሙ «በሦስት ወር ውስጥ ስኳርህ ካልወረደ ኢንሱሊን በየቀኑ ትወጋለህ» ቢለው ፓይን ሌክ ድረስ ወደ ቤቴ መጣ።

«መምህር፣ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። ዶክተሩ ግን ቼክ ባደረገ ቁጥር ሃይ ነው ይለኛል።»

«ቁርስህ ምንድን ነው?»

«ፍርፍር።»

«በምን?»

«በእንጀራ ነዋ!»

እንጀራን በእንጀራ ጠቅልሎ የሚበላ ሌላ ሕዝብ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ፍርፍሩን ከለከልሁ፤ በየማዕዱ አንድ እንጀራ ብቻ ፈቀድሁ። እየማለ ጠበቀው። ስኳሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ምስጢሩ የተገለጠልኝ ማሪዬታ፣ የቤተ ክርስቲያናችን እናት እትዬ ብዙነሽ ቤት፣ ልጃቸው ከኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ዕለት ነው። ደረጀ ያቺን አንድ እንጀራውን እንደ ታቦት አክብሮ ተቀምጧል። አንዱ መጥቶ አጎረሰው። ሌላዋ መጣች። እትዬ ብዙነሽ ደግሞ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ጠቅልለው መጡ።

«ደረጀ!» አልሁት።

«ኧረ መምህር» አለ አፉ እንደ ሞላ፣ «እኔ መች በላሁ? አጎረሱኝ እንጂ!»

ቆሽት የአጉራሹን እጅ አይቶ አያዳላም። ከዚያ ወዲያ በየግብዣው ከጎኑ ተሰየምሁ። ይሁን እንጂ አስቡት፦ እትዬ ብዙነሽ የጠቀለሉትን ይዘው ቆመዋል፤ እጃቸውን መመለስ ነውር ነው፤ ደረጀን ማጉረስ ደግሞ መርፌ ነው።

«ለመምህር ይሁንልኝ» ይላል ደረጀ ትሑት ሆኖ።

«በሞቴ፣ መምህር!»

የተማረ ሰው ምን ያደርጋል? አፉን ይከፍታል።

ሦስቱ ወር ሞላ። የደረጀ ስኳር ወረደ፤ ሐኪሙ መርፌውን ተወለት፤ እኛም አመሰገንን። በዚያው ሳምንት የእኔ ሐኪም የደም ምርመራዬን አይቶ መነጽሩን አወለቀ። አሁን በየግብዣው የሚጠብቀኝ ደረጀ ነው፤ አጉራሽ በመጣ ቁጥር እጁን ዘርግቶ እየከለከለ ስለ ግሉኮስ ለማዕዱ ሁሉ ያስተምራል። ቆሽትንና ጉበትን ያምታታል። እየራበኝ አርመዋለሁ።