የአያ ታከለ ሦስተኛ ክር

አንድን ነገር ከማመስገናችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ። ለክፋት አይደለም የምላችሁ። እኔ የዛሬ ስድስት ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በእጇ የሠራችውን ብርቱካናማ ሹራብ አይቼ፣ ዝም ብሎ ማለፉ ከብዶኝ፣ «ውይ፣ እንዴት ያምራል» አልኳት። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ብርቱካናማ ሹራብ ይደርሰኛል፤ እጅጌው ረዝሞ ጣቴን የሚውጥ፣ አንገቱ ጠብቦ ጆሮዬን የሚያጥፍ። አሁን «ይቅርብኝ» ልበላት? እንዴት ብዬ? ያመሰገንኩት እኔው ነኝ። ጎንደር ላይ ደግሞ ብርዱ ሹራብ ለመልበስ ሰበብ ይሆናል እንጂ ለመተው ሰበብ አይሆንም። እለብሰዋለሁ። እሷም «ያምርብሻል» ትለኛለች። ማን ያውቃል፣ ቀለሙን እሷም አትወደው ይሆናል፤ እኔ ደስ ይለኛል ብላ ይሆናል ዓይኗን የምታፈዝበት። እንዲህ እየተባባልን ጡረታ እስክንወጣ መኖር እንችላለን።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሹራብ ላወራችሁ ብዬ አይደለም። ስለ ባለቤቴ ስለ አንዳርጌ ነው።

አንዳርጌ እዚሁ ጎንደር ሙዚቃ ያስተምራል። ማስተማሩ ለእንጀራ ነው፤ ልቡ ያለው በድምፅና በድምፅ መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ላይ ነው። ፒያኖ ላይ ነጩን ቁልፍ ነክታችሁ ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን ጥቁሩን ብትነኩ፣ ለእናንተና ለእኔ ሁለት ድምፅ ነው፤ አለቀ። ለእሱ ግን በሁለቱ መካከል መቶ ቤት ያለበት መንደር አለ። ቤቶቹን «ቅንጣት» ይላቸዋል። ክራርና ማሲንቋችን የሚኖሩት እዚያ መንደር ውስጥ ነው፣ ፒያኖው ቁልፍ ላይ ካልተቀመጣችሁ እያልን የምናስቸግራቸው እኛ ነን ባይ ነው። ይህን ለማስረዳት ከጀመረ ወጡ ይበርዳል፣ እንግዳው ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ሣህን አነሣለሁ።

ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መኖር እንዴት ነው ትሉኝ ይሆናል። ፍሪጃችን ሲያጉረመርም «ከትናንት ሦስት ቅንጣት ወርዷል፤ መብራቱ ደክሟል ማለት ነው» ይላል፤ እውነትም ብዙ ሳይቆይ መብራት ይጠፋል። የጎረቤታችን የቆርቆሮ በር በየትኛው ቅኝት እንደሚጮህ ያውቃል። ገና ሳንጋባ፣ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ተቀምጠን ሳንጎራጉር ሰምቶኝ «ዘጠኝ ቅንጣት ዝቅ ብለሽ ነው የምታዜሚው» አለኝ። ልሄድ ቦርሳዬን አነሣሁ። «ግን ሁልጊዜ ዘጠኝ ነው። አንድም ቀን ስምንት ሆኖ አያውቅም» ሲለኝ ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩት። ሌላዋ ሴት ምን ተብላ እንደምትለመን አላውቅም፤ እኔ እንዲህ ተብዬ ነው የተለመንኩት፤ እስከ ዛሬም አልቆጨኝም።

ወደ መንደሩ መግቢያ እንዲሆነው መጀመሪያ ስልኩ ላይ መለኪያ ሠራ፤ ክር ሲመታ ቀስቷ ትንቀጠቀጥና ድምፁ ስንተኛው ቅንጣት ላይ እንደቆመ ታሳያለች። ከዚያ አንድ ትዕግሥተኛ አናጢ ይዞ፣ እያንዳንዱ ክር በብሎን ጥቂት በጥቂት የሚጠብቅበት ክራር አሠራ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳሎናችን ውስጥ ተሰነጠቁ። ሦስተኛው እየተነጫነጨም ቢሆን ሠራ፤ እሱን እያዩ ሌሎችም ተሠሩ። ድምፁን ወረቀት ላይ ለማኖር ደግሞ በግጥሙ ፊደላት አናት የሚቀመጡ ትንንሽ ምልክቶች ፈጠረ። የሰፈራችን መሪጌታ ይህን ሰምተው «ልጄ፣ የዜማ ምልክትማ ድሮም አለን» ብለው ሳቁበት።

«አለን አባቴ፣ ግን ዜማውን አስቀድሞ ያልተማረ አያነበውም። የእኔን ከነጭራሹ ሰምቶት የማያውቅ ሰው ነው የሚያነበው» አላቸው።

መሪጌታም «እሱንማ እናያለን» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆነውን ቅኝት ሲፈልግ ያገኘው ወገራ ውስጥ፣ አምባ ጊዮርጊስ ነው። አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ክራርን ከአባታቸው የተማሩ፣ በወገራ አንቺሆዬን እንደ እሳቸው የሚቃኝ የለም የተባለላቸው። አንዳርጌ ለሦስት ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። አያ ታከለ ይጫወታሉ፤ እሱ ስልኩን ወደ ክሩ አስጠግቶ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ሁለት ሦስት ጊዜ አብሬው ሄጃለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉነሽ የባቄላ ቆሎ ያቀርቡልኛል፤ እሱን እየቆረጠምኩ ባሌ ሲደሰት አያለሁ።

ታዲያ በመጀመሪያው ቅዳሜ የአያ ታከለ ሦስተኛ ክር ከሚጠበቅባት ዝቅ ብላ ተገኘች። አሥራ ዘጠኝ ቅንጣት። በሁለተኛው ቅዳሜም አሥራ ዘጠኝ። በወሩም ያው። አንዳርጌ ደስታው ልክ አጣ። ክራሩን በቃኙ ቁጥር አንዲት ቅንጣት ሳይስቱ እዚያው የሚመለሱ ሰው አገኘሁ፤ ይህ ማንም ያልመዘገበው የወገራ አንቺሆዬ ነው አለ። እዚያው ፊት ለፊታቸው «አያ፣ ይህቺ ክርዎ ወርቅ ናት» አላቸው። አያ ታከለ ክራራቸውን አዩ፣ እንግዳቸውን አዩ፣ «እንዲያ ነው?» አሉ። ለዚያች ክር ብቻ አንድ አዲስ ምልክት ተፈጠረላት፤ ወደ ጎን ያጋደለች ጭረት። ስሟንም «ዘንበል» አላት።

ዘንድሮ አንዳርጌ የሚያስተምርበት የትምህርት ክፍል ነገሩን ሊወስን ሆነ። ምልክቱ ለተማሪ ይሰጥ፣ ወይስ የአንድ መምህር የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሆኖ ይቅር? ፈተናውን ያቀረበው ራሱ አንዳርጌ ነው። አያ ታከለን አይተዋቸውም ሰምተዋቸውም የማያውቁ ሦስት ተማሪዎች ከወረቀት ብቻ አንብበው የእሳቸውን ዜማ ይጫወቱ፤ አያ ታከለ ተቀምጠው ይስሙ፤ «የእኔ ነው» ካሉ ምልክቱ ሠርቷል፣ ካላሉ አልሠራም።

የዚያን ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ «የእኔ አይደለም ካሉ እተወዋለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። መለኪያውንም፣ ክራሩንም፣ ወረቀቱንም። እንደማንም ሰው ፒያኖ አስተምራለሁ።»

ይህን ሲለኝ ሻዩን ያማስላል፤ ስኳር ግን አልጨመረበትም። ስምንት ዓመት የለፋበት ነገር ነው። ስኳሩን ወደ እሱ ገፋሁለት።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። አያ ታከለ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከፊት ወንበር ተቀመጡ፤ እኔና እትዬ ሙሉነሽ ከኋላቸው። ልጆቹ ወረቀታቸውን ዘረጉ፤ ሁለቱ ክራር መቱ፣ አንዷ አዜመች። አያ ታከለ አንገታቸውን አቀርቅረው ያዳምጣሉ፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አንዳርጌ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሚያየው ልጆቹን ሳይሆን እነዚያን ጣቶች ነው። እኔ ደግሞ እሱን አያለሁ። ዜማው አለቀ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፣ «አባቴ፣ ይህ የእርስዎ ነው?» ብለው ጠየቁ።

አያ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሸጋ ነው» አሉ። «ልጆቹም ሸጋ ናቸው፤ ይደጉ። ግን ሦስተኛዪቱን ክር ምነው አላጠበቋትም?»

የአንዳርጌ ፊት ዐመድ መሰለ። ቀስ ብሎ ወደ ፊት መጣና አጠገባቸው ዝቅ ብሎ «አያ፣ እሷ እኮ የእርስዎ ናት። በእርስዎ ክራር ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው ነው ያገኘኋት» አላቸው።

«የእኔማ መቃኛዋ ተበልታ ነው፣ መምህር» አሉ አያ ታከለ እያፈሩ። መቃኛ ማለት ክሯን የምታጠብቀው እንጨት ናት። «ባጠበቅኋት ቁጥር ትንሸራተት ትንሸራተትና ቋጠሮዋ ሲይዛት ትቆማለች። ሌላ መቃኛ ልጠርብላት ሳስብ አንተ መጣህና ወርቅ ናት አልከኝ። እንግዳ ያመሰገነውን እንዴት ብዬ ልለውጥ? ደግሞ ያንን መለኪያህን ስታስጠጋላት እያስተካከልካት መስሎኝ ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምክንያቱም ሥራዬ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ደም እለካለሁ። ማሽኑ ከመለካቱ በፊት ናሙናው ደህና መሆኑን ማየት የመጀመሪያ ትምህርታችን ነው። እዚያ ቤት ተቀምጬ ባቄላ ስቆረጥም አንድ ቀን «አያ፣ ይህቺ መቃኛ ደህና ናት?» ብል ምን ነበረበት? ግን የሰው ክራር ዝም ተብሎ አይነካም፤ ሽማግሌም ዕቃዎ ተበላሽቷል ወይ ተብሎ አይጠየቅም። አንዳርጌም ያልጠየቀው ለዚሁ ነው። እንዲህ ተከባብረን ተከባብረን አንዲት የላላች ክር ትምህርት አድርገን ጻፍናት።

ኃላፊዋ ግን ጥያቄያቸውን አልረሱም። «ክሯ ላላችም ጠበቀችም፣ የጠየቅኩት አልተመለሰልኝም። ዜማው የእርስዎ ነው ወይስ አይደለም?»

አያ ታከለ ቀና አሉ። «የእኔ እንጂ የማን ሊሆን ነው? ይህቺ ክር እንዲህ የምትወርደው ከእኔ ቤት በቀር የት ቤት አለ? እኒህ ልጆች ጉድለቴን እንኳ ሳይጥሉ አምጥተውታል። አባቴ ሲያስተምረኝ እኔ ይህን ያህል አልያዝኩም።»

ኃላፊዋ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው አያ ታከለን አይተዋቸው ያውቁ እንደሆነ ጠየቁ። ልጆቹ አናውቅም አሉ። «ደህና ክር ቢሆን ኖሮ ከሌላ ሰው ሰምታችሁት ይሆናል ብዬ እጠረጥር ነበር። ይህንን ግን ከወረቀቱ በቀር ከየትም አታገኙትም» አሉና ፈረሙ። ምልክቱ አለፈ። በትክክል ቢጻፍ ኖሮ የሚያከራክረው ነገር፣ በመሳሳቱ ያለ ክርክር አለፈ።

አንዳርጌ ማለፉን የሰማ አይመስለኝም። አያ ታከለ እግር ሥር እንደተቀመጠ «አያ፣ ምነው ቢነግሩኝ?» አላቸው። «ምነው ብትጠይቀኝ?» አሉት። ከዚያ ሁለቱም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ እኔ ደግሞ አለቀስኩ። ያን ሰውዬ ያን ቀን የወደድኩትን ያህል የሠርጋችንም ለት አልወደድኩትም።

ዘንበል ከወረቀቱ ላይ ተሰረዘች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዳርጌ ራሱ ከወይራ የጠረባትን መቃኛ ይዘን አምባ ጊዮርጊስ ሄድን። ልክክ አለች፤ ክሯም ቦታዋን ያዘች። ሁለቱ ወንዶች ክራሩን ይዘው ፀሐይ ላይ ሲወጡ፣ እትዬ ሙሉነሽ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ። «ባልሽ የጻፋት ያች አራተኛዋ ዜማ አለች አይደል? እኩሌታዋ የታከለ አባት ናት። የቀረው ግን ጠፍቶበት ነበር። ካቻምና ክረምት አንድ ቀን ባልሽ በዝናብ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። ባዶ እጁን እንዴት ይመለስ ብሎ፣ ታከለ እዚያው ቁጭ እንዳለ ቀሪውን ከራሱ ሞላበት። አሁን ይኸው ከአዳራሹ ከተመለስን ወዲህ ልንገረው ይላል፣ አልንገረው ይላል፤ እህል አይበላልኝም። እስኪ አንቺ እንደሚሆን አድርጊው።»

ልብ በሉ። ያቺ አራተኛ ዜማ አንዳርጌ ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት ናት። ወረቀቷ አናት ላይ በቀይ «ከሁሉ የቆየች» ብሎ ጽፎባታል። ሁለተኛውን እኩሌታዋንማ «ይህን የዛሬ ሰው አይፈጥረውም» እያለ ተማሪ ፊት ይምልባታል። ለእናንተ መንገሬን ተዉት፤ እሱ የምጽፈውን አንብቦ አያውቅም።

ልነግረው ወስኜ ነበር፤ እውነቴን ነው። በሚኒባሱ ስንመለስ፣ ጎንደር ከሩቅ ብቅ ስትል አፌን ከፈትኩ። እሱ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ያቺኑ ሁለተኛ እኩሌታ ያንጎራጉራል። አዳራሹ ውስጥ ያየሁት ፊቱ ትዝ አለኝ፤ ያንን ፊት ሁለተኛ ለማየት አቅሙ የለኝም። ዘወር አለና «ስንት መቶ ዓመት እንዳለፈባት እግዜር ይወቀው» አለኝ።

«ታስታውቃለች» አልኩት።

በመጪው ክረምት ሁለት ዓመቷን ትደፍናለች።