ጫጉላ በደሴት

ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ባሕር ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። እንዲያውም ለጥቂት ላገባው ነበር።

ሰውዬው እዚህ ቆሰበር የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ከአሥመራ ባለቀለም የመርከብ ሽርሽር መጽሔት አስመጣና በሐምሌ ጉም ጥቁር መነጽር አድርጎ መዞር ጀመረ። ምነው ቢሉት፣ ዓይኔን ለውቅያኖስ ፀሐይ እያለማመድሁ ነው አለ። በቆሰበር ሐምሌ ፀሐይ ያየ ካለ ይንገረኝ። አንድ ቀን በዚያው መነጽር ባርኔጣውን አንሥቶ የሰው በቅሎ እጅ ነሥቷል።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የማስተምረው እዚሁ ነውና ዕቅዱን ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ነገረኝ። ያገባኛል፤ ከምጽዋ መርከብ እንሳፈራለን፤ ዘንባባ የበቀለባቸውን ሞቃት ደሴቶች እየዞርን ጫጉላችንን እንጨርሳለን። እኔ እንደ ልማዴ መሬት መሬቱን አየሁ። እሱ ደስታ መሰለው። ሳቄን እየዋጥሁ እንደሆነ በምን ይወቅ? በፋሲካ ሰሞን ጥርባ ሄደን ሳለ ዘንገናን ገና ከዳር ሲያየው ዛፍ አቅፎ የቀረ ሰው እኮ ነው። ማዕበል እንኳ የሌለው ሐይቅ!

ዓይን አፋር እንቢ እስኪል ሽማግሌ ይደርሳል። ደረሰም።

ሽማግሌዎቹ አባቴ ፊት ቆመው፣ ልጃችን ሙሽራዋን ይዞ ደሴት ለደሴት ሊዞር አስቧል አሉ፤ በኩራት። አባቴ ገበሬ ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ ደሴት ማለት የጣና ገዳም ነው። ሌላ ደሴት ማን ያውቃል?

«ሊመነኩስ ነው?» አሉ አባቴ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መጽሔቱን እነሱም አላዩትም። አባቴ ቀጠሉ፤ ሴት የማይረግጠው ደሴት አለ፤ እሱ ገብቶ ሲጸልይ ልጄ ታንኳ ላይ ልትጠብቀው ነው?

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። የትኛውን ደሴት ነው የሚለው?»

ውቅያኖሱን ባስረዳ ነገሩ ይቃናል። ነገሩ ከተቃና ደግሞ አገባዋለሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብ አደረግሁና፣ «ደሴት ያው ደሴት ነው፤ ዙሪያው ውሃ ነው» አልሁ። ውሸት አለበት?

አባቴ ተነሡ። «እግዜር ለጠራው ሰው ልጅ አይዳርም።»

ሽማግሌዎቹም አሜን ብለው ወጡ።

ሰውዬው ይኸው ዛሬም መነጽሩን እንዳደረገ በደጃችን ያልፋል። ባልቴቶቹ እጁን ሊስሙ ይጠጋሉ፤ አባ፣ መቼ ነው የሚሄዱት ይሉታል። ልጁን የሚሰጠው ግን አልተገኘም።

የተማረ ይናገር ይላሉ። ዩኒቨርሲቲው መናገርን አስተምሮኛል፤ አልክድም። ከዚህ ሰው ያዳነኝ ግን አፍን በነጠላ መያዝ ነው፤ እሱን ያስተማረችኝ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረች እናቴ ናት።