የጭላዳ ጥበቃ ተራ

ሰው ቀኑን የሚያስተዳድረው ራሱ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። አንኮበር ላይ ፈረንጅ የሰጠው ሰዓት ያለው አንድ ሹም እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል፤ ያቺን በሰንሰለት የታሰረች ክብ ነገር ከደረቱ እያወጣ በሰው ፊት የሚከፍት። "ስንት ሆነ፣ ጌታዬ?" ሲሉት መጀመሪያ ቀና ብሎ ፀሐይን ያያል፣ ቀጥሎ ሰዓቷን በጣቱ ያስተካክላል፣ ከዚያ በኋላ በኩራት ይናገራል። እንስቅበት ነበር። አሁን ሳስበው እሱ ቢያንስ ቀና ብሎ የሚያየው ነገር ነበረው።

ንጉሡና ሠራዊቱ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ሹሙም ሰዓቷም አብረው ሄዱ። እኛ የገደሉ አፋፍ ገበሬዎች ከገብሳችን፣ ከብርዳችንና ከጭላዳ ዝንጀሮዎቻችን ጋር ቀረን።

በነሐሴ ልጄ ሞተ። እግሮቹን ማመን በጀመረ ሰሞን ነበር። ሳል ነው አሉ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሐዘን ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። የአገራችን ሰው ደግ ነው። ላሜን ጎረቤት ያልብልኝ ነበር። ማሳዬን በደቦ አረሙልኝ። ውሃ ቀዱልኝ፣ እንጨት ፈለጡልኝ፣ ቂጣና ንፍሮ በየተራ አመጡልኝ። ልነሳ ስል "ተው ተቀመጥ፣ አንተ ምን አለብህ!" ይሉኛል። ልጁን የቀበረ ሰው "ምን አለብህ" መባሉ ይገርማል፤ ግን ለደግነት ነው። እኔም ተቀመጥኩ። ከመቀመጥ ወደ መደገፍ፣ ከመደገፍ ወደ መጋደም መንገዱ አጭር ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ቀን እተኛለሁ፣ ሌሊት ጣራውን አያለሁ። እህል ሲያቀርቡልኝ አይርበኝም፣ ሲርበኝ ደግሞ የሚያቀርብ የለም። ጠዋትና ማታ ተቀላቀሉብኝ።

ባለቤቴ አስካለ አርባው እስኪወጣ ታገሠችኝ። እሷም እናት ናት፤ አብሯት የሚያዝን ሰው ትፈልግ ነበር። ያገኘችው የባሏን ጀርባ ነው። ከአርባው በኋላ አባቷ ከደነባ በበቅሎ መጥተው ወሰዷት። በሩ ላይ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄን የሰጠሁት ለሚነሳ ሰው ነው። ገብስ ሲደርስ ሽማግሌ ይዤ እመለሳለሁ። ያን ጊዜም ተጋድመህ ካገኘሁህ ንብረቱን ተካፍላችሁ ትለያያላችሁ።"

አስካለ ልጁ የሚታዘልበትን አንቀልባ ከግድግዳው አወረደችና ይዛው ሄደች።

እንግዲህ ያን ጊዜ መነሳት ይገባኝ ነበር። አልተነሳሁም። ሰው ሲነሳ ለአንድ ነገር ነው የሚነሳው፤ ለእኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ተደርጎልኝ ነበር።

ጎረቤቴ አያ ደምሴ ነው ያስነሳኝ። ማሳው ከማሳዬ ይዋሰናል፣ ምላሱ ከማጭዱ የሰላ ነው። ገብሱ ፍሬ ሲይዝ ጭላዳዎች ከገደሉ እየወጡ ስለሚጨርሱት በየተራ እንጠብቃለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ ተራ ሲያወጡ እኔን ዘለሉኝ።

"የሐዘንተኛው ይቅር" አለ አንዱ።

"ለምን ይቀራል?" አለ አያ ደምሴ።

"ልጁን ቀብሮ እኮ ነው፣ አያ!"

"አውቃለሁ። መቃብሩን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ጭላዳ ግን ሐዘን አያውቅም። ተራው ተራ ነው።"

ክፉ ሰው ነው ብለው አሙት። እሱ ግን ወንጭፉን አምጥቶ በቤቴ በር ላይ ሰቀለው።

በሰፈራችን ተራውን በወጉ ያልጠበቀ ሰው በማግስቱ ይደግማል። በመጀመሪያው ቀን ማሳው ላይ ስደርስ ፀሐይ ወጥታ ሞቃለች፤ ጭላዳዎቹ በአያ ደምሴ ገብስ ውስጥ እንደ ሰርገኛ ተደርድረው ይበላሉ። አያ ደምሴ በድንጋይ እያባረረ "ተማሪው! ቅዳሴ አርፍደህ ትገባ የነበርከው አልበቃ ብሎህ ነው?" አለኝ። ልጅ ሳለሁ ዳዊት ስለደገምኩ ዛሬም "ተማሪው" ነው የሚለኝ። ተራዬን ደገምኩ። በማግስቱ ማልጄ ወጣሁ፤ ስንቅ ግን አልያዝኩም። ራብ ወደ ቤት መለሰኝ፤ ዘወር ከማለቴ ገቡ። ደገምኩ። ከዚያም ስንቅ ይዤ ሄድኩ፤ ሌሊት ስላልተኛሁ የጥበቃ ማማው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። አያ ደምሴ ከሥር ማማውን በዱላ ነቀነቀው።

"አውራው ጭላዳ ጋቢህን ደርቦ ሊሄድ ነበር!"

ጭላዳን ንቃችሁ ካለፋችሁ ተሳስታችኋል። ፀሐይ የገደሉን ግንባር ስትነካ ይወጣሉ። አፋፉ ላይ ተደርድረው ይሞቃሉ፣ ቅማል ይለቃቀማሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ከዚያ ሣር እየነጩ ይሰማራሉ። ጥላ ሲረዝም ይወርዳሉ። ደመና ቢሆን፣ ብርድ ቢሆን፣ ያው ነው። እነሱን ለመቅደም ማልጄ መነሳት አለብኝ። ለመነሳት ሲመሽ መተኛት አለብኝ። ለስንቅ ቆሎ፣ ለቆሎው እሳት፣ ለእሳቱ ኩበት ያስፈልገኛል። ኩበት ለመልቀም ላሜ ወዳለችበት ሄድኩ። ላሜ አየችኝና ጮኸች። ከዚያ ወዲያ እኔው አለብኳት።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ጠበቅሁ። የዚያን ዕለት ነው ያየኋት።

አንዲት እናት ጭላዳ ናት። ልጇን እንደ ሌሎቹ በጀርባዋ አላዘለችም፤ በአንድ እጇ አንጠልጥላዋለች። የተኛ መስሎኝ ነበር። መሬት ላይ ስታኖረው ግን ክንዱ እንደ ጭራሮ ቀጥ ብሎ ቀረ። ጠጉሩ ረግፏል።

ወንጭፌን አስቀመጥኩ።

ልጇን ታስቀምጥና ሣር ትነጫለች። መንጋው ፈቀቅ ሲል ታነሳዋለች። መሞቂያው ሲደርስ ከእኩዮቿ ጋር ትሞቃለች። መውረጃው ሲደርስ በሦስት እግሯ ገደሉን ትወርዳለች። ማንም "ጣይው" አላላትም። ደግሞም ማንም "አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ እንግጥልሽ" አላላትም።

ከቀብሩ ወዲህ አላለቀስኩም ነበር። እዚያ ማማ ላይ አለቀስኩ። ከዚያ ምሳዬ ስለደረሰ ቆሎዬን በላሁ።

ማታ አያ ደምሴ "ዛሬስ ጠበቅህ፤ ነገ የሌላ ሰው ተራ ነው" አለኝ።

"ነገም እኔ እሄዳለሁ።"

"ከማን ጋር ቀጠሮ አለህ?"

አልነገርኩትም። ሰዎቹም አልተቃወሙም፤ በዚያ ብርድ ተራችሁን ካልሰጣችሁኝ ብሎ የሚለምን ሰው ሲገኝ ማን ይጠላል? በየቀኑ ወጣሁ፣ በየቀኑ ወጣች። አንድ እጇ ስለተያዘ ሣሩን ነጭታ አትጠግብም፤ ከመንጋው ወደ ኋላ ትቀራለች። የእኔ ማሳ ጥግ ከገደሉ ይዋሰናል። እሷ ወደዚያ ስትገባ ሌሎቹን ማባረር አበዛለሁ፣ እሷን አላይም።

ኅዳር ገባ፣ ገብሱ ነጣ። አማቴ ብልህ ሰው ናቸው። አስካለንና ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡና ከተኛሁበት ሊይዙኝ ማልደው የቤቴን በር ገፉት። መደቡ ባዶ ነው። እሳቱ ተዳፍኗል፣ ቤቱ ተጠርጓል። ይኼ ይበልጥ አስደነገጣቸው፤ ሐዘን የበዛበት ሰው ቤቱን አሰናድቶ የሚጠፋው ለምን እንደሆነ ያውቃሉና። ጎረቤት ጠሩ።

"ወደ ገደሉ ሄዷል" አለች ጎረቤቴ።

"መቼ?"

"በየቀኑ እኮ ነው የሚሄድ።"

አስካለ ይህን ሁለተኛውን መልስ አልሰማችም። ሮጣለች።

እኔ ማማው ላይ ተቀምጬ ነበር። ነጠላዋ ወድቆ፣ ባዶ አንቀልባው ከትከሻዋ እየተወዛወዘ ማሳውን ስታቋርጥ አየኋት። ማማው ሥር ቆመች። ትንፋሽዋ አልመለስ ብሏታል።

"አለህ?"

"አለሁ።"

"ገደል ሄደ አሉኝ እኮ!"

"ተራዬ ነው።"

እዚህ የማልጽፈው ስድብ ሰደበችኝ። ከዚያ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጭላዳዎቹ መሞቅ ላይ ነበሩ።

"ያቺ ምን ይዛለች?"

"ልጇን።"

ብዙ አየቻት።

"ሞቷል እኮ።"

"አዎ።"

"ታዲያ ትበላለች?"

"ሰዓቷ ሲደርስ።"

አስካለ አንቀልባውን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው። "ታደለም እንዲህ ፀሐይ ይወድ ነበር" አለች። ከሞተ ወዲህ ስሙን በፊቴ የጠራ ሰው አልነበረም። ሰዉ ለእኔ ብሎ ስሙንም ትቶልኝ ነበር።

"ታደለ ይወድ ነበር" አልኩ።

"ቆሎ አለህ?"

ሰጠኋት።

አማቴና ሽማግሌዎቹ እያለከለኩ ደረሱ። ሊያፋቱ የመጡ ሰዎች ማማ ሥር ቁጭ ብለው ጭላዳ ሲያባርሩ ዋሉ። ረፋድ ላይ አማቴ "ታዲያ መች ነው የምንነጋገረው?" ብለው ጠየቁ።

"እነሱ ሲወርዱ፣ አባባ" አለች አስካለ።

ማታ እነሱ ወረዱ፣ እኛም ወረድን። ንብረት ያነሳ ሰው አልነበረም። በማግስቱ አማቴ በቅሏቸውን ጭነው ሲነሱ አስካለና እኔ ማሳው ላይ ነበርን።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ያቺ እናት ባዶ እጇን ወጣች። የት እንዳኖረችው አላየንም። በሁለት እጇ ስትነጭ አየናት። የዚያን ዕለት ማታ አስካለ አንቀልባውን ወደ ግድግዳው መለሰችው።

ዳንኩ ማለቴ አይደለም። ሐዘኑ አሁንም አለ፤ ከእኔ ጋር ይነሳል፣ ማማ ላይ ከእኔ ጋር ይውላል፣ ሲመሽ አብሮኝ ይተኛል።

የእኔ ገብስ በደቦ ሲታጨድ አያ ደምሴ ወደ ገደሉ ጥግ ደረሰና ማጭዱን ይዞ ቆመ። ያ ጥግ ራሰ በራ ሆኗል።

"ይኼን ማን በላው? ተማሪው! ተኝተህ ነበር?"

አልተኛሁም ለማለት አፌን ስከፍት አስካለ ከኋላዬ ቀና አለች።

"ሐዘን ቤት እህል ይወሰድ የለም እንዴ፣ አያ? ወስደን ነው።"

አያ ደምሴ እሷን አየ፣ ጥጉን አየ፣ ገደሉን አየ። እናቲቱን ለካ እሱም ከማሳው ሆኖ አይቷት ኖሯል። ዞር ብሎ የራሱ ገብስ ወደ ገደሉ የሚደርስበት ጋ ሄደና ዳር ዳሩን ማጨድ ጀመረ። አፋፉ ላይ ሲደርስ ጥቂት ዘለላ ሳያጭድ አለፈ።

ከዚያ ቀና አለና "ምን ተገትራችሁ ታያላችሁ? ፀሐይዋ እኮ ሄደች!" ብሎ ጮኸብን።

አጨድን።