የኔታ ቲያትር ያስቆሙ ዕለት

ባሕር ዳር ላይ እንግዳ ሲመጣብን የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሐይቅ ዳር ወስዶ ዓሣ መጋበዝ። እንግዳው ከአዲስ አበባ ከመጣ ደግ። ከዘጌ በጀልባ ተሳፍሮ የመጣውን ሰው ግን ምን ታደርጉታላችሁ? ያን ሁሉ ውኃ ሲያይ አርፍዶ የመጣን ሰው መልሳችሁ ውኃ ዳር ታስቀምጡታላችሁ? እኔ አማቴ በመጡ ቁጥር እንዲያ ሳደርግ ኖሬያለሁ። እሳቸውም ጨዋ ናቸውና ጣናን ገና ያን ዕለት እንዳዩት ሆነው ያመሰግኑኛል።

አማቴ መሪጌታ ናቸው። ዘጌ ውስጥ ድጓ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። አገር ምድሩ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም የኔታ እላቸዋለሁ። ባለፈው ክረምት ግሽ ዓባይ ሰፈር ያለው ቤታችን ሲመጡ ሐይቁን ትቼ ቲያትር ቤት ወሰድኋቸው። ሚስቴን ትዕግሥትንና ልጄን ሶስናን አስከትዬ፣ ሸሚዜን አስተኩሼ። እንዴት ያለ ደግ አማች ነው እንዳትሉ። እውነቱን ልናዘዝላችሁ፤ ለተንኮል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶስና ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነበር። እኔ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጥገና ክፍል፣ ስንት ዓመት ሙሉ እጄ ግራሶ የነካ ሰው ነኝ። የምመኝላት እንደማንኛውም አባት ነው፤ ኢንጂነር፣ እሱ ካልሆነ ሐኪም። እሷ አንድ ቀን ምሳ ላይ የምማረው የቲያትር ጥበባት ነው አለችን። እንደ ቀላል ነገር፣ ውኃ አቀብሉኝ የምትል ነበር የሚመስለው። ደሜ ፈላ። ብድግ አልሁና፣ ይህን ከመረጥሽ ልጄ አይደለሽም፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ገዝቼሻለሁ አልኋት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥሁ። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ሶስና አላለቀሰችም። ሳህኗን አንሥታ አጠበችና ክፍሏ ገባች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእኔና በእሷ መካከል የነበረው ወሬ ደህና አደርህና ደህና እደር ብቻ ነው። የትምህርት ምርጫዋን የምትሞላበት ቅጽ ባዶውን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እኔን አልታዘዘችም፣ ግዝቱንም አልጣሰችም። ዝም ብላ ጠበቀች።

ግዝቱን እንዳላነሣ ኩራቴ ያዘኝ። እንዳለ ልተወው ብል ደግሞ ሆዴ አልችል አለ። ታዲያ ምን መላ መጣልኝ? ነገሩን ለየኔታ ላሸክማቸው። የዘፈን ድምፅ ሲሰሙ መንገድ የሚቀይሩ ሰው ቲያትር ቢያዩ ምን ይላሉ? ይህማ ለልጃችን አይሆንም ይላሉ። አለቀ። እምቢ ያሉት አያቷ ይሆናሉ፣ እኔ እጄን ታጥቤ እቀመጣለሁ። ብልጥ ነኝ አይደል?

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ደረስን። የኔታ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘዋል። ገና በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ትዕግሥት ለምና መልሳ አስጠለቀቻቸው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን፤ የኔታና ሶስና ጎን ለጎን፣ ትዕግሥት ቀጥላ፣ እኔ ዳር ላይ። ከፊታችን ትልቅ ቀይ መጋረጃ ተዘርግቷል።

መብራቱ ጠፋና መጋረጃው ተከፈተ። የኔታ ብድግ። ምን ያድርጉ? ከልጅነታቸው ጀምሮ ቤተ መቅደስ ውስጥ መጋረጃ ሲከፈት ቆመዋል። ከኋላችን ያሉት፣ አባት እባክዎ ይቀመጡልን፣ አልታየንም ማለት ጀመሩ። ሶስና ጋቢያቸውን ሳብ አድርጋ በጆሯቸው አንድ ነገር አለቻቸውና ተቀመጡ። እኔ አፍሬያለሁ፤ በሆዴ ግን ሥራው ተጀመረ እያልሁ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ አባቷ ያልፈቀደላትን ሰው ልታገባ ትነሣለች። ሽማግሌ ይላካል። ለሽምግልና ከመጡት አንዱ መቀመጫ አጥቶ በየወንበሩ ሲዞር የኔታ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አመማቸው እንዴ ብዬ ዘወር ስል፣ እየሳቁ ነው! ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። ሶስና እሳቸውን አይታ ሳቀች፣ ትዕግሥት ሶስናን አይታ ሳቀች። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። አራታችን አብረን ስንስቅ መቼ እንደነበር ላስታውስ ሞከርሁ፣ አልመጣልኝም። ይህ ሁሉ ከዕቅዴ ውጭ ነበር።

ከዚያ አባትየው መድረኩ መሃል መጥቶ ቆመ። ጣቱን ልጁ ላይ ቀሰረ። ከዚህ ደጅ ከወጣሽ ልጄ አይደለሽም፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ገዝቼሻለሁ አለ።

ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋብኝ መሰለኝ። የራሴ ቃል፣ ምሳ ጠረጴዛዬ ላይ የተናገርሁት ቃል፣ በድምፅ ማጉያ! ማን ነገራቸው? ኋላ ሳስበው ማንም አልነገራቸውም፤ እኛ አባቶች ስንናደድ አዲስ ነገር መፍጠር አይሆንልንም። ያን ጊዜ ግን የማደርገው ጠፍቶኝ ዓይኔን ጣራው ላይ ተከልሁ።

የኔታ እንደገና ተነሡ። በመቋሚያቸው ወለሉን መቱ።

«ልጄ፣ ፍታት» አሉ።

ተዋናዩ ጣቱን እንደቀሰረ ደርቆ ቀረ። አስተናባሪው እየሮጠ መጣና ይህ ጨዋታ መሆኑን በትሕትና አስረዳቸው። የኔታም በትሕትና መለሱለት። ጨዋታ መሆኑን ያውቃሉ። የሰውየው ጺም የተለጠፈ መሆኑንም አይተዋል። ስሙ ግን የተለጠፈ አይደለም፣ ጴጥሮስ ተጠርቷል፣ ጳውሎስ ተጠርቷል። ሰው ፊት የታሰረ ሰው ፊት ይፈታል፤ ይህች ልጅ ታስራ እያዩ እሳቸው ወደ ቤት አይሄዱም።

እኔ በዚህ ጊዜ ወንበሩ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም። ከኋላ የፋብሪካ ባልደረቦቼን ድምፅ እሰማለሁ። ተዋናዩ የሚረዳው ፍለጋ ወደ መድረኩ ጥግ አየ፣ ማንም አልመጣም። ላቡ ወርዶ ጺሙን በአንድ በኩል አላቀቀው። በመጨረሻ ጣቱን አጠፈና፣ በቲያትሩ ሳይሆን በራሱ ድምፅ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ አለ።

አሁን ደግሞ ግራ የገባት ልጅቷ ናት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የተጻፈው ተገዝታ ስትንከራተት ነው። ተፈታች፤ ወዴት ትሂድ? ትንሽ ቆመችና ሄዳ አባቷን አቀፈችው። መጋረጃው ተዘጋ። ሕዝቡ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። የኔታ ዞር ብለው የቆመውን ሕዝብ ሲያዩ፣ አሁን ገና ሥርዓት ያዛችሁ የሚል ፊት አሳዩ።

በሐይቁ ዳር በእግራችን ተመለስን። ዕቅዴ ተሳክቷል ብዬ ነበር፤ ቲያትር ያስቆመ ሰው የልጅ ልጁን ቲያትር ተማሪ ይላታል? ግን ሶስና አንገቷን ደፍታ ከፊቴ ስትሄድ ሳያት ደስታው አልመጣ አለኝ።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ቅጹን አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ሶስና ትናንት ያየነውን ነገር መማር እንደምትፈልግ፣ እኛም የእሳቸውን ቃል እንደምንጠብቅ ለየኔታ ነገርኋቸው። አሳዛኝ ፊት ሁሉ ሠርቼ ነበር።

የኔታ ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው በሉ። ትማር አሉ። እዚያ ቤት ስም ሲጠራ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ደግሞ ያን ያህል ሰው በአንድ ላይ፣ ማንንም ሳያማ ሲስቅ እሳቸው ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም። እኔ የጎረስሁትን ዳቦ ማላመጥ ተውሁ።

«እኔን ግን ለምን ትጠይቀኛለህ?» አሉ ቀጥለው። «ያሰርኋት እኔ አይደለሁም።»

ትዕግሥትን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ አልነገረቻቸውም። ሶስናም አልነገረቻቸውም። የኔታ ሻያቸውን አስቀመጡ። ያ ሰውዬ ሲገዝት እኛ ሦስታችን መድረኩን አላየንም ነበር አሉ። ሶስና መሬት መሬቱን፣ ትዕግሥት እኔን፣ እኔ ጣራውን።

«ፍታት ያልሁት እሱን ብቻ መሰለህ?»

እግዚአብሔር ይፍታሽ አልሁ፣ ዳቦውን እንደጎረስሁ። የኔታ አልተሰማም አሉ። ዳቦውን ዋጥሁና ተነሥቼ ደገምሁት። ሶስና ቀና አለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ስትናገረኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

«አባዬ፣ ለመስኮቱ እኮ ነው የምትናገረው» አለች። «ወደ እኔ ዙር።»

ዞርሁ። እንዴት እንደከሳች ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሦስተኛውን ስል ድምፄ ተቆራረጠ፣ ዕንባዬም መጣ፣ ላቆመው ብል አልቻልሁም። ሶስና መጥታ አቀፈችኝ። ትዕግሥት ብቻዋን ማጨብጨብ ጀመረች።

የኔታ አላጨበጨቡም። ሻያቸውን አንሥተው፣ የትናንትናው ሰውዬ ይሻል ነበር አሉ።